ጋቢው ከሚስማሩ አይውረድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የአምዱ መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ተማሪዎችና ወጣቶች ስለሚሠሩት አጭር ሥነ ልቦናዊ አስፈሪ ፊልም የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ብዙ ጉዳይ ስለሚያነሣ ሰፊውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሻለሁ። ለዓመቱ መጨረሻ ፕሮጀክቴ ሰባት ደቂቃ ያህል የሚወስድ አጭር ፊልም ለመሥራት ወስኛለሁ። ታሪኩ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ስለምትኖር ወጣት ነው፤ ሌሊት ሌሊት ዱካክ ይጫናታል፣ ነቅታ ሳለ መንቀሳቀስ ያቅታታል፣ ክፍሉ ውስጥም ሌላ ሰው ያለ ይመስላታል። ያለኝ መሣሪያ የእጅ ስልኬና አንድ ትራይፖድ ሲሆን፣ ለመተወን ፈቃደኛ የሆነች ጓደኛም አለችኝ። ጭምብል ያደረገ ሰው ግቢውን አቋርጦ በሩን በርግዶ ሲገባና እሷ ስትጮህ የሚያሳየውን የሙከራ ቀረጻ ለክፍል ጓደኞቼ ባሳያቸው ሳቁብኝ። አማካሪ መምህሬ ደግሞ «ይህ ፊልም ነው እንጂ የሥነ ጥበብ ሥራ አይደለም» አሉኝ። ፊልሙን እንዴት አስፈሪ ላድርገው? ለመምህሬስ ምን ብዬ ልመልስላቸው?
(የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኞችዎ የሳቁት ሥራዎን ንቀው አይመስለንም። ሰው አጥብቆ የሚፈራው ገና ያላየውንና ይመጣል ብሎ የሚጠረጥረውን ነው፤ ጭምብሉ ገና ከጅምሩ ፊት ለፊት በሙሉ ብርሃን ከታየ የሚጠረጠር ነገር ያልቅና ከሱቅ የተገዛ ፕላስቲክ ብቻ ይቀራል፤ ተጨንቆ የነበረው ተመልካችም የያዘውን ትንፋሽ በሳቅ ያወጣዋል። ስለዚህ ጭምብሉን፣ ደሙንና ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ ከጽሑፍዎ እንዲያወጡ እንመክራለን። ባዶ እጅዎን የሚቀሩ እንዳይመስልዎት፤ እነሱን የሚተካው ነገር በራስዎ ታሪክ ውስጥ አለ።

እንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሠራ ሰው ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ተመልካቹ በማን ዓይን እንደሚያይና በማን ጆሮ እንደሚሰማ መወሰን አለበት። ልጅቷ የምታየውንና የምትሰማውን ብቻ ካሳዩን እውነቱን ከቅዠቱ ለመለየት ያለን ዕድል ከእርሷ የማይበልጥ በመሆኑ እንጨነቃለን። እርሷ የማታየውን ነገር እኛ ብቻ እንድናይ ካደረጉ ደግሞ «ዞር ብለሽ እዪ» እያልን በልባችን እንጮኻለን፤ ይህም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ፤ ያለ ሕግ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘል ፊልም ግን ሁለቱንም ያጣል። በሙከራ ቀረጻዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ ካሜራው ጭምብል ካደረገው ሰው ጋር ግቢውን ሲያቋርጥ ልጅቷ ገና ተኝታለች፤ እንግዲያው ሰውየው በእርግጥ አለ ማለት ነው፣ ታሪኩም ስለ ዱካክ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሌባ ሆኗል።

ዱካክን በመምረጥዎ ዕድለኛ ነዎት፤ ምክንያቱም ሕመሙ ራሱ የአቀራረጹን ሕግ ይሰጥዎታል። ሕልም በብዛት በሚታይበት የእንቅልፍ ደረጃ ላይ አንጎል ሰውነት ሕልሙን ተከትሎ እንዳይወራጭ ጡንቻዎችን ያግዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ንቃቱ ቀድሞ ይመጣና እገዳው ለጥቂት ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ሰውየው ዓይኑን ያንቀሳቅሳል እንጂ እጁን አያነሣም፤ ደረቱ ላይ ክብደት ይሰማዋል፤ ብዙዎችም ክፍሉ ውስጥ አንድ አካል ቆሞ እንደነበር ይናገራሉ። በጀርባ መተኛትና እንቅልፍ ማጣት ያባብሱታል፤ ጫት የሚቅሙ ሰዎችም ባቋረጡበት ሌሊት ዱካክ እንደሚበረታባቸው ሲናገሩ ይሰማል። ከዚህ ተነሥተው ለተዋናይትዎ የሚሰጡት መመሪያ አጭር ነው፦ ዓይንሽ ብቻ ይሠራል፣ ትንፋሽሽ አጭር ነው፣ አፍሽ አይከፈትም። ካሜራውም እንደ እርሷ ይታሰር። በትራስ ከፍታ ላይ ያስቀምጡት፤ ሰውነቷ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ እርሱም አይዙር፣ አይቅረብ፣ አይራቅ። ተመልካቹ ከክፈፉ (ካሜራው ከሚያሳየው ምስል) ውጭ ያለውን ለማየት ይፈልጋል፤ እርስዎ ግን አይፍቀዱለት።

ይህን ጉዳይ ሥዕል ከፊልም ቀድሞ ነክቶታል። ስዊዘርላንድ የተወለደው ሠዓሊ ሄንሪ ፉዝሊ እ.ኤ.አ. በ1781 በሣለውና በማግሥቱ ዓመት ለንደን ውስጥ በሮያል አካዳሚ ባቀረበው «ቅዠት» በተሰኘው ሥዕል ላይ አንዲት ሴት በጀርባዋ ተዘርግታ፣ ራሷ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ደረቷ ላይ አንድ አስቀያሚ ፍጡር ቁጢጥ ብሎ፣ ከመጋረጃው መካከል ደግሞ የፈረስ ራስ ብቅ ብሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ፉዝሊ እኛን ከአልጋው ውጭ አቁሞናል፤ ሴቲቱንም ፍጡሩንም እኩል እናያቸዋለን፣ ስለዚህ እናዝንላታለን እንጂ አብረናት አንያዝም። የእርስዎ ፊልም ተመልካቹን ከውጭ አምጥቶ አልጋው ላይ ሊያስተኛው ይችላል፤ ይህም ለአማካሪዎ ከሚሰጡት መልስ ግማሹ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ተኩል ምንም አስፈሪ ነገር ለሌለበት ቀን ይስጡት፦ ልጅቷ ከውጭ ትገባለች፣ ጀሪካኑን ታስቀምጣለች፣ የበሩን መቀርቀሪያ ትዘጋለች፣ ጋቢዋን ከበሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅላለች። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ሳያውቀው የክፍሉን ካርታ እየተማረ ነው፤ ክፍሉን ካላመነው ደግሞ በኋላ ሊረበሽ አይችልም። ሌሊት፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ በትራስ ከፍታ ካለው ካሜራ ሲታይ ያ ጋቢ ትከሻና ራስ ያለው ሰው ይመስላል፤ እንዲህ ያለውን ማታለያ በልጅነቱ ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም። ጋቢውን አይንኩት። በሁለተኛው ሌሊትም፣ በሦስተኛውም እዚያው ይሁን፤ ከጨለማው ውስጥ የሰው ቅርጽ የማውጣቱን ሥራ ለተመልካቹ ይተዉለት። ከዚያም በአንዱ ሌሊት፣ ያለ ሙዚቃና ያለ ድንገተኛ ድምፅ፣ ተመሳሳዩን ክፈፍ አሳይተው ሚስማሩ ብቻ እንዲቀር ያድርጉ። ወደ ሚስማሩ አይቅረቡ፤ ባዶነቱን ያስተዋለ ተመልካች ካላስተዋለው ይበልጥ ይደነግጣል፣ ያላስተዋለውም ከጎረቤቱ ይሰማል።

ስለ ብርሃን አንድ በብዙ ተማሪዎች ላይ የሚታይ ስሕተት አለ፤ ጨለማን ለመቅረጽ ክፍሉን ማጨለም። የስልክ ካሜራ ብርሃን ሲያጣ የመቀበል አቅሙን በግድ ከፍ ስለሚያደርግ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላና ጨለማው ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ጨለማ ጨለማ የሚመስለው አጠገቡ የሚወዳደረው ብሩህ ነገር ሲኖር ነው። በመስኮቱ በኩል ከውጭ፣ የግቢውን የጥበቃ መብራት እንዲመስል፣ አንድ ጠንካራ መብራት አብርተው በነጭ አንሶላ ያለስልሱት፤ ግማሽ ፊቷንና የአልጋውን ጠርዝ ይንካ፣ የበሩን አካባቢ ደግሞ ጥቂት ብቻ ይድረሰው። ከዚያ የስልኩን ኤክስፖዠር (የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) እና ፎከስ (ምስሉ የሚጠራበትን ርቀት) ይቆልፉት፤ ካልቆለፉት ልጅቷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ምስሉ ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት የሚሠራ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ፤ ስለዚህ በሰከንድ 25 ምስል ይቅረጹ፣ የሸተሩን ፍጥነትም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ ያለዚያ በግድግዳው ላይ የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ይታይዎታል። የስልኩ ካሜራ ይህን በእጅ ለማስተካከል የማይፈቅድ ከሆነ የሚፈቅዱ አፖች አሉ። ኩራዝ ወይም ሻማ ከአልጋ ልብስ አጠገብ አያብሩ፤ ብርሃኑ ለስልክ ካሜራ ከሚበቃው በታች ነው፣ አደጋው ግን ከሚገባው በላይ።

የሥራዎን አብላጫ ጊዜ ግን ለድምፅ እንዲሰጡት እንወዳለን፤ በዚህ ዓይነት ፊልም ላይ ምስል ይደብቃል፣ ድምፅ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ1942 ዣክ ተርነር ባዘጋጀውና ቫል ሉተን ፕሮዲውሰሩ በነበረው «ካት ፒፕል» በተባለው ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት በሌሊት መንገድ ላይ ስትሄድ ሌላ ሴት ከኋላዋ ትከተላታለች። የሁለቱም ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ የኋለኛዋ ኮቴ ይቋረጣል። ተመልካቹ አውሬ ሲጠብቅ ከጎን ድንገት ደርሶ የሚያስደነግጠው የከተማ አውቶቡስ ነው፤ አውሬው አይታይም፣ ነገር ግን አለመታየቱ ማንንም አላሳረፈም። እርስዎ ከዚህ የሚወስዱት አውቶቡሱን አይደለም፤ የተቋረጠውን ኮቴ ነው። ሰርቪስ ቤትዎ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ቀን በፀሐይ ግሎ ማታ ሲቀዘቅዝ ጠቅ፣ ጠቅ ማለቱን ያውቁታል። ያንን ድምፅ በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ተራ ነገር ያሰሙን፤ በሁለተኛው ሌሊት ክፍተቱን እኩል አድርገው የሰው እርምጃ እንዲመስል ያድርጉት፤ በሦስተኛው ሌሊት ልክ ከአልጋዋ በላይ ሲደርስ ያቋርጡት።

ድምፁን ከምስሉ ለይተው፣ በሌላ ስልክ ወይም በመቅጃ፣ ለሚቀዳው ነገር በጣም ቀርበው ይቅዱ። ፍሪጅ ካለ ቀረጻው ሲጀመር ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ መልሰው መሰካትዎን እንዳይረሱ የቤት ቁልፍዎን ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ያለ ቁልፉ ወደ ቤትዎ ስለማይገቡ ማስታወስዎ አይቀርም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ይቅዱ፤ በኤዲቲንግ ጊዜ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዝልዎት እርሱ ነው፤ ፍጹም ጸጥታ ከተጠቀሙ ተመልካቹ ድምጽ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል። የንጋት ቅዳሴም ሆነ አዛን ቀረጻው ውስጥ ከገባ ለመሰረዝ አይቸኩሉ፤ ሌሊቱ እየነጋ መሆኑን ከማንኛውም ጽሑፍ በተሻለ ይነግራል፤ ድምፁ ከአንዱ ቁርጥራጭ ወደ ሌላው እንዳይዘል ብቻ ይጠንቀቁ። ዝቅተኛ ጉርምርምታ ለመጠቀም ካሰቡ ደግሞ ፊልሙ በሚታይበት አዳራሽ ማጉያ አስቀድመው ይሞክሩት፤ የላፕቶፕ ድምጽ ማጉያ እንዲህ ያለውን ድምፅ ጨርሶ ላያሰማ ይችላል።

ሰባቱ ደቂቃ ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ ይበዛል ብለን እናስባለን፤ አምስት ይበቃዋል። ቆርጠው የሚያሳጥሩት ግን ከማብራሪያው ይሁን እንጂ ዓይኗ ብቻ ከሚንቀሳቀስበት ረጅም ክፈፍ አይሁን።

አማካሪዎን በተመለከተ፣ የተናገሩትን እንደ ስድብ አይውሰዱት። ሥዕል ሲያቀርቡ «ለምን በዘይት ቀለም? ለምን በዚህ መጠን?» ተብለው እንደሚጠየቁ ሁሉ፣ ፊልም ሲያቀርቡም ቅርጹ ከሐሳቡ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እየጠየቁዎት ነው። ማያ ዴረን እ.ኤ.አ. በ1943 ከባለቤቷ ከአሌክሳንደር ሐሚድ ጋር በሎስ አንጀለስ በሚኖሩበት ቤት የሠራችው «መሽስ ኦፍ ዚ አፍተርኑን» 14 ደቂቃ ያህል ነው፤ በውስጡ ደጋግመው የሚታዩት እንደ ቁልፍ፣ ቢላ፣ ስልክና ደረጃ ያሉ ተራ ነገሮች፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ ጥቁር የለበሰ አካልም ናቸው፤ ሲሠራ ድምፅ አልነበረውም፣ ሙዚቃው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ያም ሆኖ ዛሬ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ይታያል፤ ምክንያቱም አንድ ቁልፍ ደረጃ ላይ ሲወድቅ፣ ከአፍ ሲወጣ፣ ወደ ቢላ ሲለወጥ፣ የሴቲቱ አእምሮ የሚሄድበትን መንገድ እናያለን። ፊልም ሠሪው ዴቪድ ሊንችም በፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የሥዕል ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን የፊልም ሥራውን የሠራው ሥዕሉ እንዲንቀሳቀስ ፈልጎ ነበር፤ የራስ ቅርጾች በወጡበት ሸራ ላይ አጭር ፊልም እየደጋገመ ያሳይ ነበር፣ የአምቡላንስ ዓይነት ጩኸትም ያለማቋረጥ ይሰማ ነበር።

የሊንችን ምሳሌ ያነሣነው እንዲደግሙት አይደለም፤ ሥራው የሚታይበት ቦታም የሥራው አካል መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ፊልምዎን በግድግዳ ላይ ከማሳየት ይልቅ፣ እንደ ድሮ ቤቶች ኮርኒስ አቡጀዴ ወጥረው ከላይ ቢያሳዩት፣ ከሥሩም አንድ ፍራሽ አንጥፈው ተመልካቹ አንድ በአንድ በጀርባው ተኝቶ እንዲያይ ቢያደርጉትስ? ያኔ ሰውየው ልጅቷ ባለችበት ሁኔታ ላይ ነው ማለት ነው፤ በሩም ከእግሩ ማዶ ያለ ሆኖ ይሰማዋል። ለመምህርዎ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ስለ ፍርሃት ምንነት ሳይሆን ካሜራው ለምን እንደማይንቀሳቀስ፣ ተመልካቹ ለምን እንደሚተኛ፣ ጋቢው ለምን በዚያ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ያስረዱበት። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ካለዎት «የሥነ ጥበብ ሥራ አይደለም» የሚለው ክርክር ብዙ የሚቆይ አይመስለንም።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች እናክል። ተዋናይትዎ ለረጅም ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ስለምትተኛ በየመካከሉ ታርፍ፤ ስትጨነቅ ቀረጻውን የምታስቆምበት አንድ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እሷ ራሷ ዱካክ የሚጫናት ከሆነም አስቀድመው ይጠይቋት። የየቀኑን ቀረጻ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ሳይገለብጡ ከስልክዎ አያጥፉ።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ወጣቶች የሚሠሯቸው አስፈሪ አጫጭር ፊልሞች መጨረሻ ላይ «ለካ እብድ ነበረች» ብለው ይዘጋሉ፤ ታማሚዎችንም ቢላ የያዙ አድርገው ያሳያሉ። ሌሎች ደግሞ ጸበል ቦታ ሄደው የሰው ጭንቀት ይቀርጻሉ። ይህን ለማስቀረት ምን ትመክራላችሁ?
(ነርስ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቃት ከማድረስ ይልቅ ጥቃት የሚደርስባቸው እንደሚበዙ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው፤ እርስዎ በየቀኑ የሚያዩትን ልናስረዳዎት አንሞክርም። ለወጣት ፊልም ሠሪዎች ግን ሌላም ምክንያት እንሰጣለን፤ «እብድ ነበረች» የሚለው መጨረሻ በሥራ ደረጃም ስንፍና ነው። ተመልካቹ ለአምስት ደቂቃ የተሸከመውን ጥርጣሬ በአንድ ቃል አውርዶለት ወደ ቤቱ ይልከዋል። በእኛ አገር ታሪኩን ክፍት አድርጎ የሚያቆም ነገር ሞልቷል፤ እናት «ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች፣ ጓደኛ «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ትላለች፣ አከራይ ደግሞ ስለ ቀድሞዋ ተከራይ ጀምራ ሳትጨርስ ታቆማለች። ፊልሙ ከሦስቱ አንዱንም ሳያረጋግጥና አንዱንም ሳይሳለቅበት ማለቅ ይችላል። ገጸ ባሕርይዋ የምትሠራው ሥራ፣ የምትወደው ሰው፣ የምትስቅበት ነገር ካላት ሕመሟ መላ ማንነቷ አይሆንም፤ የምንፈራውም ከእርሷ ሳይሆን ለእርሷ ይሆናል።

ጸበል ቦታ የመጡ ሰዎችን መቅረጽን በተመለከተ አቋማችን አጭር ነው፤ አይቀረጹ። በዚያ ሰዓት ፈቃድ መስጠት የማይችል ሰው በኋላ ቢፈቅድ እንኳ፣ ለፈውስ ብሎ የሄደበትን ጩኸት ለሌላ ሰው ማስፈራሪያ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤቱ የአርት ክፍል አስፈሪ ፊልም እዚሁ ቤታችን ውስጥ ሊሠራ ነው፤ የ8 ዓመት እኅቱንም ሊያሠራት ይፈልጋል። እምቢ ልበለው?
(እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እሜቴ፣ እምቢ ማለት አያስፈልግዎትም፤ ነገር ግን ትንሿ የምትሠራው መላውን ፊልም ሳይሆን የራሷን ድርሻ ብቻ ይሁን። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥ የተወነው ሕፃን ዳኒ ሎይድ በቀረጻው ወቅት አስፈሪ ፊልም እየሠራ መሆኑን አያውቅም ነበር። ይህ የሚቻለው የልጁ ቀረጻና አስፈሪው ነገር በተለያየ ሰዓት ተቀርጸው በኤዲቲንግ ስለሚገናኙ ነው። ልጅዎም እኅቱን ቀን ላይ፣ መብራት በርቶ፣ እርስዎ ባሉበት ይቅረጻት፤ «ያንን የመስኮት ጥግ እዪና እስከ አምስት ቁጠሪ» ይበላት። ፊቷ ላይ ምንም ፍርሃት ባይኖር ይመረጣል፤ ከጎኑ ጨለማ ኮሪደር ሲቀጠልበት ፍርሃቱን ተመልካቹ ራሱ ያነብበዋል። ሊያስደነግጣት የሚሞክር ወንድም ካለ ግን ያኔ እምቢ ይበሉ፤ የሕፃን እውነተኛ ድንጋጤ ትወና አይደለም።

ለልጅዎ ደግሞ አንድ የሙያ ነገር ይንገሩልን፦ ከላይ ለአዲስ አበባዋ ተማሪ የሰጠነው የ1/50 ሸተር እዚያ አይሠራለትም፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ዑደት ስለሆነ 1/60 ይጠቀም፣ በሰከንድ 24 ወይም 30 ምስል ቢቀርጽም ችግር የለውም። የጢስ መጠቆሚያውን ለቀረጻ ብሎ እንዳይነቅለው፣ ሰው ሠራሽ ጢስም ቤት ውስጥ እንዳይጠቀም ይከልክሉት፤ ጭጋግ ከፈለገ በማለዳ ወጥቶ ውጭውን ይቅረጽ።